ጠና ታቹን ያላነበበው ዜና

በሀዲያ፣ ሀቢቾ ውስጥ ወሬ የሚሰማው ባለሱቁ ጠና ዘንድ ነው። አባቱ ከጉራጌ አገር መጥተው የከፈቱትን ሱቅ ወርሶ፣ ከሳሙናውና ከጨው ጎን የሰው ስልክ ቻርጅ ያደርጋል። ስልኩ እስኪሞላ ሰው ይቀመጣል፤ ከተቀመጠ ደግሞ «ዛሬስ ምን ተባለ?» ማለቱ አይቀርም። ጠና የራሱን ስልክ አውጥቶ ፌስቡክ ላይ ያገኘውን ርዕስ በአማርኛ ያነባል፣ ወዲያው በሀዲይኛ ይተረጉመዋል። ሲተረጉም ትንሽ ያሳምርበታል። ከርዕሱ ታች ያለውን ግን ሲያነብ ያየው የለም።

አንድ ቀን «ኦክስጅን ከተሰጣቸው ሕሙማን አብዛኞቹ አልተረፉም» የሚል አገኘ። «በቃ፣ ያቺ ነገር አፍንጫህ ላይ ከገባች መሰናበቻህ ናት» ብሎ ተረጎመው። ሰው ሁሉ ከንፈሩን መጠጠ። ሚስቱ ብርቅዬ ከኋላ ስኳር እየመዘነች ትሰማ ነበር።

ክረምቱ ሲበረታ ብርቅዬን የሳንባ ምች ጣላት። ሆሳዕና ወስደው ሆስፒታል አስተኟት። ነርሷ ኤልሳ ቀጭኑን የኦክስጅን ቱቦ አፍንጫዋ ላይ አደረገችላት፤ ብርቅዬ ነቀለችው። መለሰችላት፤ እንደገና ነቀለችው። ከንፈሯ ጠቁሯል፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ መሀል ላይ ቆማ አየር ትፈልጋለች፤ እጇ ግን እምቢ ለማለት ጉልበት አላጣም።

ኤልሳ ጠናን ወደ በሩ ወሰደችው። «ጋሼ፣ እንዲህ እየነቀሉት ከቀጠሉ እናጣቸዋለን። እርስዎን ይሰሙ ይሆናል፣ ይንገሯቸው።»

ጠና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «የኔ እመቤት» አላት፣ «ይሄ እኮ አየር ነው። ምንም አያደርግሽም።»

ብርቅዬ ትክ ብላ አየችው። «አንተው ነህ ያልከው።»

«እሱማ ወሬ ነው።»

«እመቤት ደግሞ ከየት መጣ?» አለችና ትንፋሿን ጠበቀች። «በሠርጋችን ቀን እንኳ አላልከኝም። እንደማልተርፍ ነግረውሃል።»

ችግሩ ይሄ ነበር። ጠና ሚስቱን ሲያቆላምጥ የሰማ ሰው የለም፤ ትዳራቸው በነገር መጎነታተል የሞቀ ነው። አሁን እሱ በለሰለሰ ቁጥር እሷ ሞቷን አረጋገጠች። እሱ እጇን ይዞ ሲለማመጣት እሷ የቁም ሳጥኑ ቁልፍ የት እንዳለ፣ አዲሱ ነጠላ ለየትኛዋ እህቷ እንደሚሰጥ ትናገር ጀመር። ድምጿ እየሳሳ ሄደ።

ከሀቢቾ ሊጠይቋት የመጡት ጎረቤታቸው አቶ ኤሊያስም ያንን ዜና ሱቁ ውስጥ የሰሙ ናቸው። «ጠና፣ አታስጨንቃት» አሉ ዝቅ ብለው። «መኪና እንፈልግና ቤቷ እንውሰዳት። እዚያ እንጸልይላታለን።»

ብርቅዬ በዓይኗ እሺ አለች።

ይሄኔ ጠና ተነሳ። «የት ነው የምትሄጂው? አንቺ ደረቅ ሴትዮ» አላት፣ ሌሎቹ በሽተኞች ሁሉ ዞረው እስኪያዩት። «ማን ቁልፍ ጠየቀሽ? ርዕሱን ነው ያነበብኩት፣ ርዕሱን ብቻ። ታቹን ከፍቼ አላየሁም። እስከ ዛሬ አንዱንም ከፍቼ አላየሁም። አሁን ደስ አለሽ?»



«አንዱንም?» አሉ አቶ ኤሊያስ።

«አንዱንም። ዳታ ይበላላ።»

ብርቅዬ አየችው። ፊቱ ቀልቷል፣ ጎረቤቱ ፊት ራሱን ማዋረዱ ገና አሁን እየገባው ነው። የምታውቀው ጠና ተመልሶ መጥቷል።

«ስስታም» አለችው።

ኤልሳ ጊዜ አላጠፋችም፤ ቱቦውን መለሰችው። የብርቅዬ እጅ ከአንሶላው ተነሳ፣ መሀል ላይ ቆመ፣ ተመልሶ ወረደ። «ዜናውን አሁን ክፈተው» አለች። «ልስማው።»

ጠና ስልኩን አውጥቶ ዜናውን ፈልጎ ከፈተው። ኦክስጅን የተሰጣቸው ሰዎች መጀመሪያውኑ በጽኑ የታመሙት ነበሩ ይላል ዜናው። ብዙዎቹ ቤት ሰንብተው፣ ሳንባቸው ከደከመ በኋላ የመጡ ናቸው። ቀድመው መጥተው ኦክስጅን ቢያገኙ ኖሮ ብዙዎቹ ይተርፉ ነበር ብለዋል ዜናው ላይ የተጠየቁት ሐኪም። እያንዳንዱን በሀዲይኛ ለአቶ ኤሊያስ ተረጎመላቸው፣ ምንም ሳያሳምር።

መሀል ላይ የብርቅዬ እጅ እንደገና ወደ አፍንጫዋ ሄደ። ጠና ማንበቡን አቆመ። ኤልሳም አንድ እርምጃ ቀረበች።

ብርቅዬ የተጠመዘዘውን ቱቦ አቃናችና እጇን አወረደች።

«ቀጥል» አለችው።