ደሳለኝ የቆመበት ሰልፍ

ምርጫው ካለፈ ሳምንት ሳይሞላው የልጅ ልጄ ብርሃኑ ግንባሩን ተፈንክቶ፣ ሸሚዙ ደም በደም ሆኖ ቤቴ ገባ። የፈነከተው የጎረቤታችን ልጅ ነው። ከአንድ ሰሃን በልተው ያደጉ ልጆች ናቸው። አንዱ ወገን “አሸነፍን” አለ፣ ሌላው ወገን “ሰረቃችሁ” አለ፣ ከዚያ ወዲያ የተናገረው ድንጋይ ነው። ቁስሉን በሞቀ ውሃ እያጠብኩለት ሳለ ቴሌቪዥኑ ላይ ከረባት ያሰረ ሰው ስለ ብሔራዊ እርቅ ያወራ ነበር። ደህና አድርጎ ነው የሚናገረው። “ያለፈውን ትተን ወደፊት እንይ” ሲል ግን ጨርቁን ውሃው ውስጥ ጣልኩና ተነስቼ አጠፋሁት። ያለፈውን ትተን! እኔ ብተወው እሱ መቼ ተወኝ? እርቅ የሚለውን ቃል በሰማሁ ቁጥር አፌ ላይ የሚመጣብኝ የወይካ፣ የደረቅ ባምያ፣ ወጥ ነው። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

በደርግ ዘመን ነው፤ አሥራ ሰባት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ከመተማ ወደ ሸሕዲ በሚመጣው መንገድ ዳር ሰሊጥና ማሽላ እናርስ ነበር። አባቴን ወባ ስለወሰደው ቤቱ ውስጥ የቀረነው እናቴ፣ ታላቅ ወንድሜ ደሳለኝና እኔ ነን። ያ አገር ክረምት ሲሆን ዋልካው እግር ይዞ አይለቅም፤ ጫማ ያለው ሰው ጫማውን በእጁ ይዞ ነው የሚሄድ። መስከረም ሲገባ ሰሊጡ ይደርሳል፣ ወባውም አብሮ ይደርሳል። ሰሊጥ ደግሞ ትዕግስት የሚባል አልፈጠረበትም። ቅጠሉ ቢጫ ሲል ካላጨዱት ፍሬው አፉን ይከፍትና የዓመት ልፋትህን መሬት ላይ ያፈስሰዋል።

በዚያ መስከረም፣ አጨዳው ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው፣ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ይመረጥ ተባለ። ሊቀ መንበር ማለት ቀላል ሰው እንዳይመስላችሁ። የማን ልጅ ለውትድርና እንደሚሄድ፣ ወንዝ ዳር ያለው መሬት ለማን እንደሚደርስ የሚወስነው እሱ ነው። የተወዳደሩት ሁለት ናቸው፦ የቆየው ሊቀ መንበር አያ ዘውዱና ፈንታ የሚባል ጎልማሳ። የኛ ሰፈር ከአያ ዘውዱ ጋር ነበር።

ኮሮጆ የለ፣ ካርድ የለ። ሁለቱ ተወዳዳሪዎች ፊታቸውን ወደ ጫካው አዙረው ይቆማሉ፣ ሰው ከሚፈልገው ኋላ ይሰለፋል፣ ከወረዳ የመጣው ካድሬ እየዞረ ይቆጥራል። ተወዳዳሪዎቹ እንዲዞሩ አይፈቀድላቸውም፤ ማን እንደተሰለፈላቸው አይተው ቂም እንዳይዙ ነው አሉ። አይ ብልሃት! እነሱ ባያዩ ሌላው ሁሉ እያየ።

ደሳለኝ ከአያ ዘውዱ ኋላ ቆመ። ከሱ ቀጥሎ ሙላት ቆመ። ሙላት የሰፈራችን ልጅ፣ ከወንድሜ ጋር በደቦ ሲያርም ውሎ ራቱን ከኛ ቤት የሚበላ ጓደኛው ነው። እኛ ሴቶቹ ዳር ቆመን እናያለን። በወዲያኛው ሰልፍ፣ በፈንታ በኩል፣ መጨረሻ ላይ አባ ታከለ ቆመዋል። ድሮ ከጎጃም ለሰሊጥ አጨዳ ወርደው እዚያው የቀሩ ሽማግሌ ናቸው። ወባ ይዟቸው በዚያ ሐሩር ጋቢ ተከናንበው ይንቀጠቀጣሉ። ቆጠራው ሲጀመር ጉልበታቸው ከዳቸውና በግንባራቸው ተደፉ።

ደሳለኝ ከሰልፉ ወጣ። ሄዶ ብብታቸውን ይዞ አነሳቸው። “አይዞዎት አባቴ፣ ይደገፉኝ” ሲላቸው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እንደደገፋቸውም እዚያው ቆመ። ካድሬው ይኸኔ ደረሰ። ሰዉን በጣቱ እየነካ ይቆጥር ነበርና ወንድሜንም ነክቶት አለፈ። ደሳለኝ አንድ ነገር ሊል አፉን ሲከፍት ካድሬው ውጤቱን ይናገር ጀመር። ፈንታ በአንድ ሰው አሸነፈ።

“ከዳተኛ!” የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሁለቱ ሰልፎች ባንዴ ተደበላለቁ። ዱላ ይወርዳል፣ ሰው ዋልካው ላይ እየተንሸራተተ ይወድቃል፣ የወደቀው ይረገጣል። ሙላት ለእሾህ መቁረጫ ትከሻው ላይ ያንጠለጠላትን ፋስ ሲያወርድ አየሁት። ወንድሜ አባ ታከለን እንደደገፈ ስለነበር እጁን እንኳን ማንሳት አልቻለም። አንገቱና ትከሻው መካከል መታው። ድምፁ እርጥብ እንጨት ሲፈለጥ ያለውን ይመስላል። ሁለተኛውን ሲደግመው እየሮጥኩ ነበር፤ ዋልካው እግሬን ያዘኝና ተደፋሁ። በእጄም በጉልበቴም ብዬ ስደርስ ደሙ በሽማግሌው ጋቢ ላይ ይወርዳል። ደሳለኝ አየኝ። “ሰልፌን…” አለ። አልጨረሰውም።

ሙላት በዚያው ዕለት ወሰኑን ተሻግሮ ሱዳን ገባ። አባ ታከለም ትኩሳታቸው ሳይበርድ፣ ምን እንደሆነ ሳያውቁ በዚያው ሳምንት ሞቱ። አይቻለሁ ብሎ የሚናገር የቀረው እኔ ብቻ ነኝ። ላገኘሁት ሰው ሁሉ ተናገርኩ። “እህቱ አይደለችም እንዴ፣ ምን ትበል?” አሉኝ። የሰፈራችን ሰው ለቅሶ አልመጣም፤ ለከዳተኛ አይለቀስም አለ። የፈንታ ሰዎች ግን “ጀግናችን” እያሉ እየፎከሩ መጡ። እናቴ ይኸን ስታይ እንባዋ ደረቀ። ልጇ የማንም አልነበረም፤ ሽማግሌ ሲወድቅ ያነሳ ልጅ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ባላስታውሰው ደስ ይለኝ ነበር። የእናቴ ወንድም አጎቴ ካሤ ከአብርሃ ጅራ ከተማ ጠመንጃውን ይዞ መጣና ከብት ሊያጠጣ የወረደውን የሙላትን ታላቅ ወንድም ወንዝ ዳር ተኩሶ ክንዱን ሰበረው። ክንዱ ተቆርጦ ሰውየው ባዶ እጅጌ ይዞ ቀረ። በሦስተኛው ቀን ቤታችን ተቃጠለ፤ የማሽላው ጎተራ ሲነድ ቆሎ ቆሎ ይሸት ነበር። ሰሊጡም ቆሞ ቀረ። ማን ጎንበስ ብሎ ይጨድ? ጎንበስ ያለ ሰው ከኋላው የሚመጣውን አያይም። በሁለቱም ወገን ማሳ ፍሬው አፉን ከፍቶ ፈሰሰ፣ በዚያ ዓመት ወፍ ብቻ ጠገበ።

በመጨረሻ ሽማግሌዎች ገቡበት። የሚመሯቸው ሃጂ ኢድሪስ ናቸው፤ ከሱዳን ስኳርና ጨርቅ አምጥተው የሚሸጡ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም የሚያፍራቸው ባለሱቅ። ሱዳን፣ ገላባት ድረስ ተሻግረው ሙላትን በዋስትናቸው አመጡት። ከሮቃው ዛፍ ሥር ተሰበሰብን፣ ጠመንጃው ሁሉ ግንዱን ተደግፎ ቆመ። ሙላት በባዶ እግሩ፣ ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ጎንብሶ መጣ። የሱ እናት የሠራችው የወይካ ወጥ በማሽላ እንጀራ ላይ ፈሶ መካከል ላይ ተቀመጠ። ሁለቱ ቤተሰብ ከዚያ ከበላ ደሙ ደረቀ ማለት ነው።

ሃጂ ኢድሪስ እናቴን፣ “በይ እህቴ፣ ኸላስ፣ በቃ! የሞተን የሚመልስ አላህ ብቻ ነው። ያለፈውን አናንሳ። ቅረቢ፣ ወጡም እየቀዘቀዘ ነው” አሏት።

እናቴ ቀረበች። ግን እጇን ሰሃኑ ላይ ዘርግታ ከደነችው።

“የቀዘቀዘ ወጥ ይሞቃል፣ ሃጂ። እኔ ደምም ካሳም አልጠየቅሁዎትም። ይኸ ልጅ ያን ቀን ምን እንዳየ ይንገረኝ። ከዚያ እበላለሁ።”

“ኧረ ተይ እህቴ፣ ነገር ይቀሰቀሳል!” አለ አንዱ ሽማግሌ።

“ይቀስቀሳ። ተኝቶ መቼ ያውቃል?”

ሙላት ድንጋዩን እንደተሸከመ ተንበረከከ።

“አይቻለሁ” አለ። “አባ ታከለ ሲወድቁ አይቻለሁ። ደሳለኝ ሊያነሳቸው እንደሄደም አውቄያለሁ። ከዳተኛ አልነበረም። በአንድ ሰው ተሸነፋችሁ ሲሉን ግን የምመታው ሰው ፈለግሁ። እሱ ቅርቤ ነበር። እጁንም አያነሳብኝም፣ ሽማግሌውን ይዟል።”

አጎቴ ካሤ እንደ ነብር ተወርውሮ ጠመንጃውን አነሳ። ሰዎች ተረባርበው አፈሙዙን ወደ ላይ ሲገፉት ተኮሰ። የሮቃው ቅጠል እላያችን ላይ ረገፈ፣ ሰው ሁሉ መሬት ላይ ተለጠፈ፣ ሃጂ ኢድሪስ ሙላት ላይ ተደፍተው ሸፈኑት። እኔ ተደፍቼ እናቴን አየኋት። ከተቀመጠችበት አልተነቃነቀችም፤ እጇ አሁንም ሰሃኑ ላይ ነው።

አጎቴን ጠፍረው ካስቀመጡት በኋላ ሁለቱንም ወገን ዞር ዞር ብላ አየችና “ሰማችሁ?” አለች። “በሉ ወጡን አሙቁልኝ።”

አሞቁት። የመጀመሪያውን ራሷ በላች፣ ሁለተኛውን ጠቅልላ ለሙላት አጎረሰችው። ሙላት እያለቀሰ መዋጥ አቃተው። እኔ ለአፌ ያህል ቀምሼ ተነሳሁ፤ ሙላትንም እስኪሞት ድረስ ጠልቼዋለሁ፣ ይኸን አልደብቅም። ግን ከዚያ ቀን ወዲያ ወንድሜን ከዳተኛ፣ ወይም ጀግናችን ያለ ሰው አልሰማሁም። በዓመቱም ሰሊጡ ሲደርስ ሰው ማሳው ውስጥ ጎንበስ ብሎ አጨደ።

ባለፈው እሁድ ለብርሃኑ ጉዳይ ሽማግሌዎች ቤቴ መጡ። ጎረቤቴም ልጇን ይዛ መጣች። ገና ሳይቀመጡ “ያለፈውን አናንሳ” ተባለ፤ አገር ይኸን ቃል በቃሏ ይዛዋለች። ሰው እውነት ደም ያመጣል ብሎ ይፈራል። አልፈርድበትም፣ ያቺ ጥይት ስትተኮስ ነበርኩ። ያልተነገረ እውነት ያቃጠለው ቤት ውስጥም ግን ነበርኩ። ልጄ ወጡን አቀረበች። “እማዬ፣ ይቀዘቅዛል፣ ባርኪና ይብሉ” አለችኝ።

እጄን ዘርግቼ ሰሃኑን ከደንኩት። አርጅቶ የናቴን እጅ መስሏል። የጎረቤቴን ልጅ “አንተ ያን ቀን ምን አየህ?” አልኩት።

እናቱ በክርኗ ጎሰመችው። ብርሃኑ መሬት መሬቱን ያያል።

“ብርሃኑ ድንጋይ አልያዘም ነበር” አለ ልጁ በመጨረሻ። “ሊገላግል ነው የገባው። አይቻለሁ።”

ብርሃኑ ቀና አለ። እኔም እጄን ከሰሃኑ ላይ አነሳሁና ልጄን ወጡን አሙቂው አልኳት።