ካፖርት የለበሰው ቧንቧ

ከመንገዳችን ጥግ ያለችውን ቤት የተከራየችውን ሴትዮ ስም ማናችንም አናውቅም ነበር። ሹራብ በሹራብ ላይ ደርባ፣ ራሷን በአበባማ ሻሽ ጠቅልላ፣ ደጃፏን ከበረዶ ስትጠርግ እናያታለን። ሰላም ስንላት ፈገግ ብላ አንገቷን ትነቀንቃለች እንጂ አታወራም።

የከተማችን የቱርኳ ኤርዙሩም ብርድ የሰፈሩን ቧንቧ ሁሉ አንድ ጠዋት በረዶ ሲያደርገው፣ እሷ ጋ ውሃ አለ ሲባል ሰማንና ጄሪካናችንን አንጠልጥለን ሄድን። ግቢዋ ውስጥ የቆመው ቧንቧ በጭድ ተጠቅልሎ፣ በላዩ ላይ የወንድ ካፖርት ለብሶ እስከ አንገቱ ተቆልፏል። እንዳይረጋ ብላ በትንሹ ከፍታው ስላደረች ከአፉ ቀጭን ውሃ ይወርዳል።

ጎረቤቴ ኑርሃያት ሳቋ አመለጣት። «እንዴ እትዬ! ለቧንቧ ካፖርት? ባልሽ ቢያይ ምን ይላል?»

ሴትዮዋ የኑርሃያትን ጄሪካን ተቀብላ ከውሃው ሥር አስቀመጠችው።

«እሱማ በዚህ ብርድ ደረቱን ከፍቶ ነበር የሚወጣው። ኧረ ቆልፈው እያልኩ ስንት ዓመት ለመንኩት! አንድ ቀን እሺ ብሎኝ አያውቅም።»

ከዚያ የካፖርቱን ኮሌታ በእጇ ቀና ቀና አደረገችው።

«ይሄኛው ግን ይሰማኛል።»