ደህና ነው ብዬ የፈረምኩበት ቁርጭምጭሚት

ቁርጭምጭሚቴ የዞረው ከሁሩታ በላይ ባለው ዳገት፣ የቀበሌው ሰው ሁሉ ለእርከን ሥራ በወጣበት እሑድ ይመስለኛል፤ ቅዳሜም ሊሆን ይችላል። ድንጋይ ተሸክሜ ስወርድ እግሬ ወደ ውስጥ ታጠፈ። ድምፁን ሰምቻለሁ፤ እርጥብ ገመድ ሲበጠስ የሚያሰማው ዓይነት ነበር። ይህን አልጠራጠርም።

የሰፈራችን አሮጌ ወጌሻ ሁለት ጣታቸውን ከቁርጭምጭሚቴ በታች አሳርፈው ዳሰሱ። "አጥንት ቢሆን እመልስልህ ነበር ልጄ። ይሄ ጅማት ነው፤ ተበጥሷል። እኔ አልነካውም፤ ሐኪም ይስፋው" አሉኝ። አሰላ ሄጄ ራጅ ተነሣሁ። "አጥንቱ ደህና ነው" የሚል ወረቀት ሰጡኝና ጅማት የሚሰፋው አዲስ አበባ መሆኑን በቃል ነገሩኝ። ወደዚያ ለመሄድ ደግሞ የቀበሌው የይለፍ ወረቀት ያስፈልግ ነበር።

ሊቀ መንበሩ (አንቱ ልለው አልችልም) የራጁን ወረቀት በስብሰባ ፊት ከፍ አድርጎ ያዘ። "ጓድ መምህር፣ አጥንትህ ከእኔ አጥንት ይሻላል እኮ! እግርህ ነው ወይስ ልብህ ያነከሰው?"

"ወደ ጠላ ቤት ሲሆን ይድናል!" አለ ከኋላ አንዱ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ያን ሳቅ ሳስታውስ ዛሬም ጥርሴን አፋጫለሁ።

እንደ ደንቡ ተነሥቼ ግለ ሂስ አደረግሁ። እግሬ ደህና እንደሆነ፣ ከእርከኑ የቀረሁት በንዑስ ከበርቴ ስንፍና እንደሆነ በገዛ እጄ ጽፌ ፈረምኩ። "ደህና" የምትለውን ቃል ያስጻፈኝ እሱ ነው ወይስ ከፍርሃቴ ያመጣኋት እኔው ነኝ? ዓመታት አሰብኩበት፤ አላውቅም። የይለፍ ወረቀት በጠየቅሁ ቁጥር ግን ያንን ጽሑፌን ከመሳቢያው አውጥቶ ያስነብበኝ ነበር። ያውም ጮክ አድርጌ። በዚያው እግር ክረምት ከበጋ ድንጋይ ተሸከምኩ።

ሰውዬው ተሽሮ አዲስ አበባ ስደርስ ዓመት አልፎ ነበር። ቀዶ ሐኪሙ በቀዶ ጥገናው ማግስት አልጋዬ ድረስ መጡ።

"ቶሎ ብትመጣ ጫፍና ጫፉን ገጥሜ እሰፋው ነበር። ተኮማትሮ የሚያዝ ነገር አጣሁበት፤ ከጎኑ ካለው ጅማት ሰንጥቄ ነው የተካሁልህ። ሜዳ ትሄድበታለህ፤ ዳገቱን እንጃ። ለምን ዘገየህ?"

"ደህና ነኝ ብዬ ፈርሜ ነበር" አልኳቸው።

ቀልድ መስሏቸው ሳቁ።

እርከኑ በሁለተኛው ክረምት በጎርፍ ፈርሶ ወረደ ይላሉ። እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ዳገቱን ወጥቼ ማየት አልችልም።