የጠመንጃው መዝጊያና የእስኪልየው ፊርማ

ዐዋጅ! ጆሮ ያለህ ቅረብ፤ የሌለህ ከጎረቤትህ ተዋስ። በከተማው ቤተ መዘክር ምድር ቤት፣ ከደረጃው ሥር በስተግራ ባለው ክፍል፣ ሁለት መደርደሪያ፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ አንገቱ የተሰበረ መብራት የሚገዛ ሰው አለ። ማዕረጉ የዕቃ ግምጃ ቤት ጠባቂ፣ ግዛቱ አራት ሜትር በሦስት፣ ሠራዊቱ አንድ ጠርሙስ ዘይትና ሦስት ብሩሽ ነው። በላይኛው ፎቅ ምንጣፍ ላይ የምትመላለሱ ሁሉ፣ ከዛሬ ጀምሮ ለዚህ ሰው እጅ እንድትነሡ ታዝዛችኋል!

እጅ የሚነሣው እንደሌለ እሱም ያውቃል። መሥሪያ ቤቱ የሚጠራው «እስኪልየው» እያለ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰጡትን ዕቃ «እስኪ ልየው» ሳይል ተቀብሎ አያውቅማ። በሠርጉ ቀን እንኳ ቀለበቱን ወደ መስኮቱ አስጠግቶ ሲያገላብጥ፣ ሙሽራዋ እዚያው ልትፈታው ነበር ይባላል። እሷ ግን «ምን ይባላል! ልፈታው ነበር እንጂ» ትላለች።

ያን ሰሞን ቤተ መዘክሩ አዲስ አዳራሽ ሊያስመርቅ ሽር ጉድ ይል ነበር። ኮሚቴው በመጋረጃው ቀለም ላይ አራት ጊዜ ተሰብስቦ ተጨቃጨቀ። ከመቶ ዓመት በላይ የሆነው የጦር ጠመንጃ በምረቃው ዕለት እርሳስ በሌለው ጥይት አንድ ጊዜ እንዲተኮስ ግን በአንድ አፍታ ወሰነ። ተኳሹም ተመረጡ፦ ጡረተኛው ሃምሳ አለቃ፣ የእስኪልየው ሚስት ታላቅ ወንድም።

ሃምሳ አለቃው ከምረቃው ሦስት ቀን ቀደም ብለው ወደ ምድር ቤቱ ወረዱ። እስኪልየው ተሸካሚ ጠፍቶ ላይኛው ፎቅ ወንበር ሲሸከም ነበር። እሳቸውም የጠመንጃውን መዝጊያ አወጡ፤ ፈታቱት፤ እንደ ማንኪያ ወለወሉት፤ መልሰው ገጣጠሙትና እያፏጩ ሄዱ።

የምረቃው ዕለት ጧት ሚስቱ ሻዩን እየቀዳችለት አስጠነቀቀችው።

«ዛሬ ደግሞ እስኪ ልየው ብለህ ወንድሜን በሰው ፊት እንዳታሳጣብኝ። ልብሱን ሲያስተኩስ ነው የከረመው።»

«እኔ የማየው ጠመንጃውን ነው።»

«እሱንም ቢሆን ቶሎ እየው!»

በቤቱ ደንብ መሣሪያ ያለ ጠባቂው ፊርማ ከግምጃ ቤት አይወጣም። ሃምሳ አለቃው ሪዛቸውን ቀለም ቀብተው፣ ኒሻናቸውን ደርድረው ከተፍ አሉ።

«ፈርም በል፣ አማቼ። ሕዝቡ ተቀምጧል።»

«እስኪ ልየው፣ ጋሼ።»

«ይኸው ጀመረው! ኧረ ተው፣ አንተ ሰው፣ ለዛሬ እንኳ ማረኝ።»

እስኪልየው ጠመንጃውን አነሣ። የመዝጊያውን እጀታ ሳበ፤ ጥይት አለመኖሩን መጀመሪያ በዓይኑ፣ ቀጥሎ በትንሽ ጣቱ አረጋገጠ። ከዚያ ገፋው። መዝጊያው ሹልክ ብሎ ገባ።

«አየህ? ቅቤ ነው እኮ!» አሉ ሃምሳ አለቃው። «ሠላሳ ዓመት ስታንቋቋው የኖርከውን እኔ በአንድ ከሰዓት አለሰለስኩት።»

እስኪልየውን ያሳሰበው ይኸው ልስላሴ ነው። የዚህ ጠመንጃ እጀታ ቀጥ ብሎ ይሳባል፣ ቀጥ ብሎ ይገፋል፤ የሚዞረው ውስጥ ያለው የመዝጊያው ራስ ነው። ራሱ ሁለት ጆሮዎች አሉት። መዝጊያው ሊዘጋ ትንሽ ሲቀረው ይህ ራስ ይዞርና ጆሮዎቹ ከብረቱ ትከሻ ኋላ ይሸጎጣሉ። ባሩዱ ሲፈነዳ የተኳሹን ፊት የሚጠብቁት እነዚህ ሁለት ጆሮዎች ናቸው። ራሱ ሲገጠም አቅጣጫውን ከሳተ ግን ሳይዞር ይገባል፤ መዝጊያው ላየው ሰው የተዘጋ ይመስላል፤ ቃታውም ይሳባል። ልዩነቱ መጨረሻ ላይ እጅ የሚሰማት ትንሽ ክብደት ናት። ዛሬ ያቺ ክብደት የለችም።

እስኪልየው እጀታውን መልሶ ሳበ፤ የመዝጊያውን ራስ አናት በጠመኔ አንዲት ነጥብ ነካ አደረገና ቀስ እያለ ገፋው። ነጥቧ ወደ ላይ እንዳፈጠጠች ገባች፤ ራሱ አልዞረም።

«በጠመኔ ጠመንጃ የሚመረምር ዛሬ አየሁ! ፊደል ልታስቆጥረው ነው?»

«ጋሼ፣ መዳፍዎን ከመዝጊያው ኋላ ደቀን ያድርጉልኝ።»

ሃምሳ አለቃው እየሳቁ ደቀኑ። እስኪልየው ቀጭን የእንጨት ዘንግ በአፈሙዙ አስገብቶ በሁለት ጣቱ ገፋ አደረገ። የተዘጋው መዝጊያ ወደ ኋላ ተስፈንጥሮ መዳፋቸውን ጠፍ አደረጋቸው።

«ይኼ የእኔ ሁለት ጣት ነው» አለ እስኪልየው ቀስ ብሎ። «ባሩድ ቢሆን ኖሮ፣ አሁን መዳፍዎ ባለበት ቦታ የሚኖረው ጉንጭዎ ነው።»

ሃምሳ አለቃው መዳፋቸውን ለማውረድ ጊዜ ወሰደባቸው። በመጨረሻም ተቆጡ። «የትኛው ደደብ ነው እንዲህ የገጠመው?»

አማችየው ጨዋ ነው። መዝጊያውን ፈታ፤ ራሱን አዙሮ በትክክል ገጠመ። እንደገና ሲገፋው ያቺ ክብደት እጁን ሰላም አለችው፤ የጠመኔዋም ነጥብ ዞራ ከዓይን ተሰወረች። ዘንጉን አስገብቶ በደረቱ ተደገፈበት፤ መዝጊያው ንቅንቅ አላለም።

«አሁን እርስዎ ይግፉት።»

ገፉት። ኒሻኑ ተንቃጨለ እንጂ ሌላ የተነቃነቀ ነገር የለም። እስኪልየው ፈረመ።

ይኼኔ ሥራ አስኪያጁ በሩን በርግደው ገቡ። እኚህ ሰው ሠራተኛን በወረቀት «እርስዎ»፣ በአፍ «አንተ» የሚሉ የአስተዳደር ሊቅ ናቸው።

«ሃያ ደቂቃ! እንግዶቹ የሚጠብቁት አንተን ነው እንዴ?»

«መዝጊያው ተሳስቶ ተገጥሞ ነበር፤ አስተካክዬዋለሁ።»

«ማን ነው የገጠመው?»

እስኪልየው ሃምሳ አለቃውን አያቸው። እሳቸው አንገቱ የተሰበረውን መብራት በጥሞና ይመለከታሉ። ሪዛቸው ተቀብቷል፤ ልብሳቸው ተተኩሷል፤ ላይ ሦስት መቶ ሰው ተቀምጧል። አንዲት ቃል ብትወጣ ያ ሁሉ ጉድ ሊሆን ነው። 

«እኔ ነኝ» አለ እስኪልየው።

«ሰው ልትገድል ነበር እኮ! የማስጠንቀቂያ ደብዳቤህን ከሰዓት መጥተህ ውሰድ።»

ጠመንጃው ተተኮሰ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ሥራ አስኪያጁ ስለ ጥንቃቄ ባህል አርባ ደቂቃ ተናገሩ፤ የሃምሳ አለቃው ፎቶም በአዳራሹ መግቢያ ተሰቀለ። እስኪልየው ደብዳቤውን ፈርሞ ተቀበለ፤ እርግጥ እያንዳንዱን መስመር አየው።

«ወንድሜ እንዴት ነበር?» አለች ሚስቱ ማታ።

«በጣም ጥሩ። ሁለቱም ዓይኖቻቸው ያበሩ ነበር።»

ሳምንት ሳይሞላ ሃምሳ አለቃው ስሕተቱን ራሳቸው በጆሯቸው ብቻ እንዳገኙት በየመጠጥ ቤቱ ያወሩ ጀመር። በሁለተኛው ሳምንት ወሬያቸው ላይ ዓይናቸውንም ጨፍነው ነበር።

አንባቢ ሆይ፣ አንድ ነገር ልለምንህ። ቤተ መዘክሩን ልትጎበኝ ከመጣህ ሃምሳ አለቃውን ከገዛ ፎቷቸው ሥር ቆመው ታገኛቸዋለህ። አክብረህ ሰላም በላቸው፤ ታሪካቸውንም እስከ መጨረሻው ስማ። ከዚያ ክንዳቸውን ያዝ አድርገህ፣ «ጋሼ፣ እስቲ አንዴ ምድር ቤት አብረን እንውረድ፤ እዚያ አንድ ደብዳቤ አለ፤ የማን ስም ሊጻፍበት ይገባ እንደነበር እርስዎ ያሳዩኝ» በላቸውና፣ መልሳቸውን አምጣልኝ፤ እስኪ ልየው።