የእትዬ አምፖል ጨጓራ ነፃ የወጣበት ቀን

እትዬ አምፖል የእናት የአባት ስሟ አይደለም፤ የቆዳን እንከን እንደ መብራት ስለምታጋልጥ እኛ የቆዳ መጋዘን ሠራተኞች ያወጣንላት ነው። ሥራዋ ቆዳ መምረጥ ነው። ጠረጴዛዋ ላይ የተዘረጋ ቆዳ ቢላ የቆረጠውም ሆነ መዥገር የበሳው ከእሷ አያመልጥም። ጣቷን አንዴ ታሳልፍበትና በጠመኔዋ «አንደኛ»፣ «ሁለተኛ» ወይም «ውድቅ» ብላ ትጽፍበታለች፤ አለቀ፣ ይግባኝ የለውም። እኔ እዚያው ጥግ ላይ ገና በተገፈፈው ትኩስ ቆዳ ላይ ጨው የምነሰንስ ነኝ፤ «አንተ ጨው» ትለኛለች። ሃያ ዓመት አብሬያት ስሠራ የተሳሳተችው አንዴ ብቻ ነው፤ እሱም በገዛ ገላዋ ላይ።

ሦስት ዓመት ሙሉ ሆዷ አሠቃያት። ከቀኑ አሥር ሰዓት አካባቢ፣ ደወል የተደወለለት ይመስል፣ ይነፋትና ይቆርጣታል፤ ከዚያ ጠረጴዛውን ጥሎ ወደ መጸዳጃ ቤት መሮጥ ነው። በየቀኑ ቢሆን እንኳ ደግ ነበር፤ አንዳንድ ቀን ምንም የለም። እኛም ሳንማር ሐኪም ሆንን። እኛ ዘንድ ከላይ ያመመ ጭንቀት፣ ከታች ያመመ ብርድ፣ መሀሉ ደግሞ ጨጓራ ነውና ጨጓራ ነው ብለን ፈረድንባት። የጨጓራ ክኒን ዋጠች። በርበሬ ተወች፣ ሎሚ ተወች። ሕመሙ የሚመጣው ከሻይ ሰዓት ጋር ስለሆነ በመጨረሻ የምትወደውን ሻይ እርም አለች። ታናሽ እህቷ ደግሞ፣ ሰውነትሽ አለቀ ብላ የአጥንት መረቅ ታፈላላት ጀመር። መረቁን በጠጣች ቁጥር ሲብስባት እህትየዋ ተቀየመች።

አለቃችን ክፉ ሰው አይደለም፤ እውነት ለመናገር ግን ጭነት የሚወጣው ከሰዓት በኋላ ነው። አንድ ቀን ጠራትና፣ በወሩ መጨረሻ ትልቅ ጭነት እንዳለ፣ ያን ቀን ከጠረጴዛው ከተነሳች ጠመኔውን ለሌላ ሰው እንደሚሰጥና እሷን ወደ ጽዳት እንደሚያዛውራት ነገራት። ወጥታ ነገረችኝ። ያቺ ጠመኔ ክብሯ ነበረች። ከእነዚያ ሦስት ቃላት ሌላ መጻፍ ሳታውቅ፣ ደብተር ሳትይዝ፣ ትምህርት ቤት ደጅ ሳትረግጥ፣ የተማሩት ሁሉ አንቺ ምን ትያለሽ ብለው የሚጠይቋት በዚያች ጠመኔ የተነሳ ነው።

በማግስቱ፣ ምናልባት የምሄድ ከሆነ ብላ ነው መሰለኝ፣ ሥራዋን ታስተምረኝ ጀመር። ጣቴን ይዛ አንድ ቆዳ ላይ አስቀመጠችው። መዥገር ነክሶት የዳነ ቦታ እንደ ሰናፍጭ ፍሬ ደንደን ብሎ ለጣት ይታወቃል አለችኝ። ይህን እያለች በሌላ እጇ ከሽርጧ ማሰሪያ ሥር ወገቧን ታክ ነበር። ድንገት የሚያከው እጇ ቀጥ አለ። ወደ ልብስ መቀየሪያው ገባች፤ ቆይታ ወጣች።

«አንተ ጨው፣ ሰባት ናቸው።»

«ምኑ?»

«የመዥገር ንክሻ፣ ወገቤ ላይ። ቆዳ ብሆን ኖሮ ራሴን ውድቅ እል ነበር።»

ያኔ ትዝ አለን። ከሦስት ዓመት በፊት በክረምት አውራጅ ጠፍቶ እሷም ከመኪና ትኩስ ቆዳ ታወርድ ነበር። ቆዳው ሲቀዘቅዝ መዥገሩ ይለቅና ሙቀት ወዳለበት፣ ወደ ሰው ይወጣል። ነቅለን፣ ጨፍልቀን፣ ሥራችንን እንቀጥላለን፤ ማን ከቁም ነገር ይቆጥረዋል? ሆዷም የጀመራት ያ ክረምት እንደወጣ ነው።

ጤና ጣቢያ ስትሄድ እኔም ተከተልኩ። ሐኪሟ ለጋ ልጅ ናት፤ ትስቅብናለች ብዬ ነበር፣ እሷ ግን ብዕሯን አስቀምጣ አዳመጠች። አንዳንድ ሰው መዥገር ከነከሰው በኋላ ሰውነቱ የከብት፣ የበግና የፍየል ሥጋ እንቢ እንደሚል፣ ሕመሙም ሥጋውን ከበሉ ከሰዓታት በኋላ ስለሚመጣ ማንም ሥጋውን እንደማይጠረጥር አስረዳችን። ደም ወሰደች። ከዚያ ለሁለት ሳምንት የበላችውን ሁሉ ከነሰዓቱ፣ እንደ ወትሮዋ እየበላች፣ እንድታስጽፍ አዘዘቻት።

ጸሐፊው እኔ ሆንኩ። እትዬ ቀኑን እንደ ቆዳ ደረጃ ትሰጠዋለች፣ እኔ እጽፋለሁ። ሁለት ሳምንት ሲሞላ ውድቅ የተባለው ሁሉ ማክሰኞና ሐሙስ ሆነ፤ ካፍቴሪያችን ሥጋ የሚያቀርብባቸው ቀናት። ምሳ ስድስት ሰዓት፣ ሕመም አሥር ሰዓት። ከዚያ ውጭ አንድ ቀን ብቻ ነበር፤ እሁድ፣ እህቷ ጋ መረቅ የጠጣችበት። የደሙም ውጤት ያንኑ አለ።

«ጨጓራዎ ጤነኛ ነው» አለቻት ሐኪሟ።

እትዬ ሆዷን ዳሰሰች። «ሦስት ዓመት ያለ ጥፋቱ ስሰድበው!»

ሥጋውንም መረቁንም ተወች። ዳግመኛ እንዳትነከስ ጓንት አጠለቀች፣ እጅጌዋን አሰረች፤ እኛንም በቁጣ አሳሰረችን።

የጭነቱ ቀን ሐሙስ ዋለ። ካፍቴሪያው ሥጋ ሲሸት እሷ ከቤት ያመጣችውን ዓሣና ድንች በላች። ከሰዓት በኋላ ጠመኔውን የሚወስደው ሰውዬ ሽርጡን አስሮ አለቃው አጠገብ ቆመ። ወደ አሥር ሰዓት ሲጠጋ የሁላችንም እጅ ዘገመ፤ አለቃው የግድግዳውን ሰዓት ያያል፣ እኔ እሷን አያለሁ። አሥር ሆነ። አሥር ተኩል ሆነ። እሷ ቀና አላለችም፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ አንደኛ፣ ውድቅ። ድንገት ከጠረጴዛዋ ሳትነሳ ሻይ አምጡልኝ አለች፣ ስኳር በዛ ተደርጎ። ሦስት ዓመት የከሰሰችውን ሻይ እዚያው ቆማ ጠጣችው፤ ድገሙኝም አለች።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የመጨረሻው ቆዳ መኪና ላይ ወጣ። አለቃው ጠጋ ብሎ «እትዬ፣ ጠመኔው ያንቺ ነው» አላት።

«መቼ ሰጠሁህና?»

ሰውዬው ሽርጡን ፈታ። እሷም ጎንበስ ብላ፣ እዚያው ሁላችንም ፊት፣ ጥቁሩ ሽርጧ ላይ ልክ ሆዷ ጋ በትልቁ «አንደኛ» ብላ ጻፈች። መጋዘኑ በጭብጨባ ተናጋ። እኔ እንባዬ መጣ። ጨው ዓይኔ ገብቶ ነው አልኩ፤ ያን ቀን ግን ከጠዋት ጀምሮ ጨው አልነካሁም ነበር።