ቃሬዛ ያላወረዳቸው ሰዎች

ዋኘው አንድ ትከሻው ዘንበል ያለ ነው። ያጎበጠው እርሻ አይደለም፤ ቃሬዛ ነው። ከጃናሞራ ገደሎች ማዶ ባለችው መንደሩ የታመመ ሰው ሐኪም ዘንድ የሚደርሰው በሰው ትከሻ ነውና፣ ምጥ የጠናባት ሴት ስትኖር መጀመሪያ የሚጠራው እሱ ነው። በዚያ አገር ደግሞ የማይፈርስ ወግ አለ። ቃሬዛ ያየ መንገደኛ፣ ቄስም ይሁን ዳኛ፣ ከበቅሎው ይወርዳል፤ ወርዶም ይሸከማል። ያልወረደ ሰው ቤት ለለቅሶ የሚደርስ የለም።

ባለፈው ክረምት ማብቂያ ቃሬዛው ላይ የተኛችው የገዛ ልጁ ሰርካለም ነበረች። ምጡ ጠንቶባት ጭቃውን ወርደው ዳገቱን ወጥተው የመኪናው መንገድ ላይ ሲደርሱ የተሸካሚዎቹ ጉልበት አልቋል። ደግነቱ መኪና መጣ። የአውራጃውን መልክዓ ምድርና ታሪክ ለመጻፍ ከከተማ የመጡ አጥኚዎች ነበሩ።

«ልጄ ልትሞትብኝ ነው፤ ውረዱልኝ!» አለ ዋኘው መሐል መንገድ ቆሞ።

«ሞልተናል፣ አያ» አለው መሪያቸው ሐብተ ማርያም። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ቃሬዛውን ፎቶ አነሳ። ፎቶ! ከዚያ መኪናው ጥጉን ይዞ አለፋቸው። ከብዙ ጥበቃ በኋላ አንድ የጭነት መኪና ደባርቅ አደረሳቸው። ሰርካለም ተረፈች፤ ልጇ ግን ሞቶ ተወለደ።

ዘንድሮ ጎንደር ላይ መጽሐፍ ሲመረቅ ዋኘውን «የአገር ሽማግሌ» ብለው ጠሩት። የማን መጽሐፍ እንደሆነ ሳያውቅ ሄደ። አዳራሹ ውስጥ ስለዚያ ተራራ ያልተባለ ነገር የለም፤ ጠላት ያልደፈረው ምሽግ ነው፣ መሳፍንት የተጠለሉበት አምባ ነው። ጠላት ያልደፈረውን አዋላጅም እንዳልደፈረው ግን አንድ ሰው እንኳ ትንፍሽ አላለም። ዋኘው መጽሐፉን ቢገልጥ የሰርካለምን ቃሬዛ አየ። ከሥሩ «የደጋው ሕዝብ ባህላዊ መጓጓዣ» ይላል። ደሙ ፈላ።

ተናገር ብለው መድረክ ላይ ሲያወጡት መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው።

«ይኸ መጓጓዣ አይደለም፤ ልጄ ናት! ምነው ያን ቀን ጥላችሁን ሄዳችሁ?»

ሐብተ ማርያም ከወንበሩ ተነሳ። ፊቱ ቀልቷል።

«አያ ዋኘው፣ መኪናው እኮ ሞልቶ ነበር። የት እናስቀምጣት?»

«ውረዱ ነው እንጂ ያልኋችሁ፣ መቼ ተጠጉልን አልኋችሁ?»