አርፍዳ የጮኸች ቆቅ

ልጅ ሳለሁ፣ ከቁይ ገበያ ወዲህ ባለችው መንደራችን ውስጥ ከቤታችን ይልቅ የሚናፍቀኝ የእማማ ውዴ ሸክላ መተኮሻ ነበር። መንደርተኛው ድስቱንም እንስራውንም ከእሳቸው ይገዛል፤ ከእጃቸው ግን እህል አይቀምስም። «ቡዳ ናት» ይላቸው ነበር። እናቴም ወደዚያ ድርሽ እንዳልል አጥብቃ ከልክላኛለች። እኔ ግን ኩበት ልለቅም ብዬ እወጣና፣ የለቀምኩትን ግማሹን ለእሳቸው ሰጥቼ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ፍሙ ዳር ቁጭ እላለሁ።

ያኔ ሸክላው በኩበትና በጭድ ተሸፍኖ ሲጨስ፣ ዐይኔ እየተቃጠለ፣ ቀሚሴ በቀይ አፈር እየተለወሰ፣ እማማ ውዴ በነጠላቸው ጫፍ ከቋጠሩት ቆሎ እየዘገኑ እየሰጡኝ ተረት ይነግሩኝ ነበር። ቀልደኛ ነበሩ። «ከኔ እጅ በልተሽ እስካሁን አልሞትሽም? ጉድ እኮ ነው!» ሲሉኝ በሳቅ እፈርሳለሁ። ቀልዱ እሳቸውን ምን ያህል እንደሚያማቸው ያኔ አልገባኝም።

ከነገሩኝ ተረት ሁሉ አንዱ እስካሁን አለቀቀኝም። ጅብ ተሹለክልኮ ወደ በጎች በረት ሲገባ ቆቅ ከቁጥቋጦ ውስጥ ሆና አየችው። መጮህ እንዳለባት ታውቃለች። «አሁን ብጮህ ግን ጫጩቶቼ ያሉበትን ያውቅብኛል፤ ትንሽ ራቅ ይበልና እጮሃለሁ» አለች። ጅቡ በላ፣ ጠገበ፣ ሄደ። ሊነጋ ሲል ቆቅ ብቅ ብላ ጩኸቷን አቀለጠችው፤ በረቱ ግን ባዶ ነበር።

«ይኸው እስከ ዛሬ በየንጋቱ ትጮሃለች» ብለው እማማ ውዴ ፍሙን ቆሰቆሱ።

«እኔ ብሆን ወዲያው ነበር የምጮኸው!» አልኩ፣ በቆቋ ተናድጄ።

ትክ ብለው አዩኝና «እስቲ ያርግልሽ» አሉ።

ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ የጎረቤታችን ሕፃን ድንገት ታሞ ለቅሶውን አላቆም አለ። «አመሻሹ ላይ ውዴ በደጅ ስታልፍ አይታው ነው» ተባለ። በማግሥቱ ሽማግሌዎች ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተቀመጡ፤ መንደሩም ግልብጥ ብሎ ወጣ። እማማ ውዴ መሐል ላይ ብቻቸውን ቆመው፣ «ትናንት ከፍሜ ዳር አልተነሣሁም። ይች ልጅ አብራኝ ነበረች፤ እሷው ትናገር» አሉ።

አንደኛው ሽማግሌ ወደ እኔ ዞረው፣ «ልጄ፣ አትፍሪ፤ ከሷ ጋር ነበርሽ?» ብለው ጠየቁኝ።

እናቴ መቀነቷን እያጠበቀች ታየኛለች። ጓደኞቼም ያዩኛል። መናገር እንዳለብኝ ለአፍታ እንኳ አልተጠራጠርኩም፤ ዛሬም ድረስ የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው። ከእማማ ውዴ እጅ መብላቴ ከታወቀ ማን አብሮኝ ይጫወታል፣ ማንስ ከእኔ ጋር ይቆርሳል ብዬ ፈራሁ።

«አልነበርኩም» አልኩ።

እማማ ውዴ ዋሸች አላሉኝም። ነጠላቸውን አጣፉና «ልጅ ናት፤ ተዉአት» አሉ። መንደሩን ለቀው እንዲሄዱ ተወሰነባቸው። ሕፃኑ በሦስተኛው ቀን ድኖ ሲስቅ፣ እሳቸው ያላቸውን ድስት በአህያ ጭነው ሄደዋል። የት እንደ ደረሱ የነገረኝ ሰው የለም። አንድ ቀን ኩበቴን ይዤ ወደ መተኮሻው ብሄድ ዝናብ ያበሰበሰው አመድ ብቻ ጠበቀኝ። ከጓደኞቼ ጋር መጫወቴን ቀጠልኩ፣ አብሬያቸውም በላሁ፤ ግን በሳቃቸው መሐል ሆኜ እንደዚያን ጊዜ ብቸኝነት ተሰምቶኝ አያውቅም።

አሁን ደብረ ማርቆስ ከተማ ግብረ ገብ አስተምራለሁ። «ጎረቤትህ በሐሰት ሲከሰስ ብታይ ምን ታደርጋለህ?» ብዬ ፈተና አወጣለሁ። ይህን ጥያቄ የሳተ ተማሪ እስካሁን አልገጠመኝም። ሁሉም «እውነቱን እመሰክራለሁ» ብለው ይጽፋሉ፤ እኔም በቀይ እስክሪብቶ ራይት አደርጋለሁ። ይህን መልስ እኮ እኔም በዘጠኝ ዓመቴ አውቀው ነበር። ወረቀቱን ሰብስቤ ብቻዬን ወደምኖርባት ክፍሌ ስመለስ ሁልጊዜ የሚታየኝ የእማማ ውዴ ነጠላ ነው።

ባለፈው ክረምት ትምህርት ሲዘጋ እናቴን ልጠይቅ ሄድኩ። አርጅታለች። ገና ሳይነጋ ተነሥተን እሳት እያያያዝን ሳለ ከየት እንደ መጣ የማላውቀው ድፍረት ያዘኝና፣ «እማ፣ ያን ቀን ከእማማ ውዴ ጋር ነበርኩ» አልኳት።

ቀና አላለችም። ጭራሮውን ሰብራ እሳቱ ላይ ጨመረች።

«አውቃለሁ» አለችኝ። «ቀሚስሽ ላይ የሸክላ አፈር ነበር። ማታውኑ አጠብኩት።»

ታዲያ ለምን አልተናገርሽም ብዬ አልጠየቅኋትም፤ ምን አፍ አለኝ? ሠላሳ ዓመት ሙሉ እናትና ልጅ ሆነን አንዱን ነገር ለየብቻችን ተሸክመን ኖረናል። እሳቱን እያየን ሳለ፣ ከጓሮ ካለው ቁጥቋጦ ቆቅ ጮኸች።

«ነጋ» አለች እናቴ።